የእግር ልክ

የኅዳር ዝናብ ነው፤ ዌልስ፣ ሞን ደሴት።
ባሕሩ ጨው ይረጫል እስከ ጋራዤ ፊት።
መኪናዋ ገባች በገመድ ተጎትታ፣
የስልሳ ሦስት ሞዴል፣ ጣሪያ የሌላት፣
አረንጓዴ ልብሷን ለዝገት አበድራ
ግማሹን ያልመለሰላት።

ኢድዋል ረጅም ነው። ቁመቱን ያየ ሰው
«መሰላል ነው» ይላል፣ «ኮት ያለበሱት»።
ሠላሳ ዓመት ነዳት። አሁን ግን ዳሌው ላይ ብረት ገብቶለታል፤
ሐኪሙም ጎረቤቱም «ይብቃህ» ብለውታል።
ወንበሩን የተረከበች እህቱ ኔስታ ናት፣
በደሴቲቱ ጠባብ መንገድ አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣
ቁመቷ ከወንድሟ ደረት የማያልፍ።
ሞክራ ነበር። ትራስ ከጀርባዋ፣
በጣቷ ጫፍ ብቻ ፍሬኑን ስትነካ
መኪናዋ እንዳልሰማች ሆና መታጠፊያውን አለፈችው፣
ወደ በጎቹ መስክ።

«ፔዳሉን ወደ እኔ አምጣልኝ» አለችኝ፣
«እኔን ወደ እሱ ከመጎተት።»

አሮጌው ፔዳል ከላይ ነው የተንጠለጠለው። ፈታሁት።
የፍሬኑ ጎማ ያለቀው በቀኝ ጥጉ ብቻ ነው፤
የኢድዋል አውራ ጣት እዚያ ነው የኖረው።
አዲሱ ከወለል የሚበቅል ነው፤
ሦስት የአልሙኒየም ግንድ፣ ሁለት የዘይት ሲሊንደር፣
በመሃል የፊቱን ጎማ ከኋላው የሚያስታርቅ ዘንግ።
ለመትከል ግን ወለሉን መብሳት አለ።

ኢድዋል በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ፣ ምርኩዙን ታቅፎ፣
«አትብሳት» አለ። «ለአንድ ሰው እግር ብለህ
ወንፊት ልታደርጋት ነው?»
ትራፓኖዬን አስቀመጥኩ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው።

ኔስታ ምንም አላለች። ጫማዋን አወለቀች፣
ገብታ ተቀመጠች፣ ካልሲ ያጠለቀ እግሯን ዘረጋች፣
ዓይኗን ጨፍና በሌለ ፔዳል ላይ
ፍሬን ረገጠች፤ ተረከዟን አዙራ ነዳጁን ነካ አደረገች፤
ከአየር ላይ ማርሽ ቀነሰች።
አንዴ። ሁለቴ። እግሯ በተመላለሰ ቁጥር
እዚያው ነው የሚያርፈው፣ ጎጆውን እንደሚያውቅ ወፍ።

ወንድሟ አያት።
ምርኩዙን ጣለና በጉልበቱ — አይ፣ ዳሌው አይፈቅድም —
በሩ ላይ በሆዱ ተደፋ፣
ከኪሱ ጠመኔ አወጣ፣
ተረከዟን ዞሮ ነጭ ክብ አሰመረ።
«እዚህ ጋ ነው» አለኝ። «ጠማማ እንዳትበሳ።»

ብረት እንደ ሰው ነው፣ በጠሩት አይመጣም፤
ፍሪሲዮኑ ከመሪው ዘንግ ጋር ይላተማል፤
አወጣሁ፣ አጎበጥኩ፣ በየድኩ፣ መለስኩ፤
አሁን ደግሞ ቡሎኑ ከሻንሲው ይጣላል።
አወጣሁ። ሦስተኛ ቀን ነው፤ ክርኔ ደምቷል፣
የፍሬን ዘይት ፈስሶ አረንጓዴውን በልቶታል
(ኢድዋል በዌልስኛ ምን እንዳለ አልጽፍም)።

ከዚያ አየር ማውጣት።
«ርገጪ!»
«ረገጥኩ።»
«ያዢ!»
«ይዣለሁ አልኩህ!»
«ልቀቂ።»
በቱቦው ጫፍ፣ በጠርሙሱ ውስጥ አረፋ፣ አረፋ፣
ከዚያ ያነሰ አረፋ፣ ከዚያ ዝም ያለ ዘይት።
ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ድንጋይ ሆነ።
«አሁን መሬት ረገጥኩ» አለች።

ሚያዝያ ነው፤ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ የእሽቅድምድም ሜዳ።
እኔና ኢድዋል አጥሩ ጥግ፣ ጆሯችንን ነፋስ ይዞት።

   ሠላሳ ዓመት ለፋ፣ ዘራ፣ ኮተኮተ፣
   ዋንጫ ሳያነሣ ራሱ ሸበተ፤
   እሷ ገና መጥታ፣ ገና በአንድ ጸደይ
   ከእግሯ ሥር አገኘች ፍሬን፤ አያስቀናም ወይ?

ብዬ ልቀልድበት ዞር ስል አልሰማኝም።
ኔስታ መቶ ሜትሩ ምልክት ጋ ስትደርስ
ቀኝ እግሩ፣ ያ የደከመው፣
ሣሩን ረገጠ።
ተረከዙ ዞረ።
እሷ ታጠፈች፤ የጎማ ጩኸት የለ፣ በግ የለ።
በሁለተኛው ዙር ትንሽ ቀደመ፤
በሦስተኛው እኩል ረገጡ።

ሲመሽ ዕቃችንን ስንሰበስብ ቦታዋን አየኋት፤
ሣሩ ተልጧል፣
በቀኝ ጥጉ በኩል።